የሕገ መንግሥት ሐሳባችን ረቂቅ፣ እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡበት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ባጭሩ፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ከመጣ በሕዝበ ውሳኔ ይጽደቅ ነው። ያሁኑን ኅዳር 29 ቀን 1987 ያጸደቀው ጉባኤ ነው፣ ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ አልሰጠበትም። ቅዳሜ ድንኳን ተክለን የሦስቱንም እድር አባል አወያይተን በማኅተማችን ለአገራዊ ምክክር ኮሚሽኑ እናስገባለን።

ንብረት ክፍል፦ ድንኳኑ ለሐዘን ነው የተገዛው። አይወጣም።

የአዘዞ አባል፦ ለቅሶ ከሌለ ምን ቸገረዎት ጋሼ? ለግማሽ ቀን እኮ ነው

ንብረት ክፍል፦ ለቅሶ ቀጠሮ ይዞ ይመጣል? ለምርቃት ሰጥተን ከቀለበቱ ስር ተተርትሮ ነው የተመለሰው፣ ይኸው በሲባጎ እያሰርኩ እተክላለሁ። ሸራውን ማን ይክፈል?

መምህር፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ እባካችሁ። በ1979ም ለደርግ ጊዜው ሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር፣ ያ ሕገ መንግሥት 1983ን አላለፈም። ዋናው ስለ ማሻሻያ የሚለው አንቀጽ 105 ነው። ስለ መገንጠል የሚለው 39 እና ስለ መሬት የሚለው 40 ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስለሆኑ እነሱን ለማሻሻል የሁሉም ክልል ምክር ቤት ስምምነት ይፈልጋል፣ አንዱ እምቢ ካለ ቀረ ማለት ነው። እኛ ማተኮር ያለብን እዚህ ላይ ነው

የማራኪ አባል፦ ድንኳኑ በኛም መዋጮ ነው የተገዛ። ለአገር ጉዳይ ካልወጣ ለምን ሊወጣ ነው??

ንብረት ክፍል፦ ቁልፉን ላስረክብ እንግዲያው። ዝናብ ሲመታው እናንተ ታሰጡታላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ኧረ ተረጋጉ። እሳቸው ባይኖሩ እስካሁን ሸራም አይኖረን። ለማሰፊያ ከየአባሉ 20 ብር እናዋጣ፣ ስብሰባውን የቀበሌ አዳራሽ እንጠይቅ

የማራኪ አባል፦ እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። ተናድጄ ነው

መምህር፦ የመሬቱን ክፍል እጽፋለሁ ያለው ልጅስ? ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም

የአዘዞ አባል፦ ያ ክፍል ከቀረ እኔ አልፈርምም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው እየተባለ የአባቴን ማሳ መሸጥ አልችልም፣ ለሕዝበ ውሳኔ ብቻ ብዬ አይደለም ከአዘዞ የምመላለሰው

ጸሐፊ፦ እሺ የተስተካከለው ይሄ ነው። 1ኛ መዋጮው እስከ እሁድ ይሰብሰብ። 2ኛ አዳራሽ ይጠየቅ፣ ቅዳሜ ካልተገኘ ወደ ሚቀጥለው ይተላለፍ። 3ኛ መምህር ስለ 105 አንድ ገጽ ይጻፍ፣ መሬቱ የሚጽፍ ሲገኝ ይጨመራል። ሕዝበ ውሳኔው መግቢያው ላይ ይጠቀስ

ንብረት ክፍል፦ 20 ብር አይበቃም። ሸራ ሰፊው ቀለበቱም ይቀየር ብሏል።