«ጌጥ ነው» ተባለ፦ የማድሪድ ድብና የአትሌቲኮ አርማ

ቀይና ነጭ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ውስጥ «አርማ ጌጥ ነው፤ ድቧ ብትነሳ ምን ይጎድላል?» የሚል ሳነብ ደሜ ፈላ። የእግር ኳስ ክለባችን አትሌቲኮ ማድሪድ ማልያ ደረት ላይ ያለችው፣ ዛፍ የያዘችው ድብ የማድሪድ ከተማ አርማ ናት። ክለቡ በ2017 እ.ኤ.አ. አርማውን ሲቀይር ቡናማዋን ድብና አረንጓዴውን ዛፍ ቀለማቸውን ገፈፋቸው። ደጋፊው ዓመታት ተሟገተ። በ2023 አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ ከ88 በመቶ በላይ «የድሮው ይመለስ» አሉ። በ2024 ተመለሰ። ለጌጥ ይህን ያህል ሰው ይሟገታል?

ዘጠኝ ቁጥር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። በ2021 የስፔን ሊግን ዋንጫ የበላነው በየትኛው አርማ ነው? በዚያ በምትጠሉት! ጎል የሚያገባው እግር ነው።

የማድሪዷ፦ ወንድሜ፣ እኔ እዚያው ነው የምኖረው። ታክሲ ስትይዝ በሩ ላይ ድቧ አለች። ፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ሐውልቷ ቆሟል። በኋላ እግሯ ቆማ፣ የፊት እግሯን ግንዱ ላይ አሳርፋ፣ አፍንጫዋን ቅጠሉ ውስጥ ከታዋለች። ሰው «ድቧ ጋ እንገናኝ» ተባብሎ ይቀጣጠራል። እኔም እዚህ አገር የመጀመሪያ ጓደኛዬን ያገኘሁት እዚያ ቆሜ ነው። ጌጥ አትበልብኝ።

ታሪክ ወዳድ፦ ድቧና ዛፉ የመጡት ከመሬት ክርክር ነው እኮ። የማድሪድ ካህናትና የከተማው ምክር ቤት በግጦሽና በጫካ ተጣሉ። በ1222 ታረቁ፤ ግጦሹ ለካህናቱ፣ ዛፉ ለከተማው ሆነ። ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው፦ የካህናቱ ድብ በአራት እግሯ ሣር ትግጣለች፣ የከተማዋ ግን ዛፉን ይዛ ቆመች። ዙሪያዋን ያሉት ሰባት ኮከቦች ደግሞ ሰማይ ላይ ያለችው «ታላቋ ድብ» የምትባለው የኮከብ ስብስብ ናቸው ይባላል። መሬት በድንበር የሚያጣላው አገር ልጅ ይህ አይገባውም ማለት ይከብደኛል።

ዘጠኝ ቁጥር፦ እሺ ታሪክ ካልን፣ ከተማው ራሱ አርማውን ቀይሮ የለ? እስከ 1967 ድረስ ድቧ አጠገብ ዘንዶ ነበረ። አወጡት። ማድሪድ ፈረሰች?

ቀይና ነጭ፦ ራስህ መለስከው! ዘንዶው ወጣ፣ ድቧ ቀረች። ጌጥ የሆነው ዘንዶው ነበር።

ዘጠኝ ቁጥር፦ ዘንዶውም በጊዜው የሚወደው ነበረው። ለምን የአንተ ብቻ ታሪክ ይሆናል?

ነጩ ማልያ፦ እኛም አለን። የእኛን ክለብ የሪያል ማድሪድን አርማ ላይ ያለውን ዘውድ የሰጠው የስፔን ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ነው፣ በ1920። በ1931 ሪፐብሊክ ሲታወጅ ዘውዱ ከአርማው ተነሳ፤ በ1941 ተመለሰ። ዘውድ ጌጥ ቢሆን ማን ያነሳው ነበር?

ቀይና ነጭ፦ እናንተ ንጉሥ ሰጣችሁ፣ እኛ ከተማው ሰጠን። አታቀላቅለው።

ነጩ ማልያ፦ ማድሪድ የእናንተ ብቻ ናት እንዴ?

ታሪክ ወዳድ፦ ኧረ ወደ ድቡ እንመለስ።

የማድሪዷ፦ ድቧ! ሴት ናት።

ታሪክ ወዳድ፦ ሐውልቱ በስፓኒሽ የሚጠራው በወንድ ነው፣ እህቴ።

የማድሪዷ፦ ስሙን ተወውና እዚህ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቅ። «ኦሳ» ይሉሃል፤ ሴት ድብ ማለት ነው። ዛፉንም ልንገርህ፣ ማድሮኞ ይባላል። ፍሬው ቀይና ድቡልቡል ነው፣ ቆዳው ሸካራ። በመከር አበባውና የበሰለው ፍሬ አንድ ቅርንጫፍ ላይ አብረው ይታያሉ። በ2017 ቀለሙን ያጠፉት የዚህን ዛፍ ነው። እኔን ያመመኝ ይሄ ነው።

ዘጠኝ ቁጥር፦ ዛፉ ያምራል፣ አልካድኩም። ግን የሚያምር ነገር ጌጥ ይባላል እኮ።

ቀይና ነጭ፦ እንደገና ጌጥ! በ1222 የተጣሉበትን ጫካ ጌጥ ትላለህ?

ዘጠኝ ቁጥር፦ ጫካው ሌላ፣ ማልያው ሌላ። የ2021ዱን ማልያዬን አልጥልም፤ ነገም ጨዋታ አለ፣ እሱኑ ለብሼ ነው የማየው።