ዋስ ሆኜ የፈረምኩበት ብድር ክስ አመጣብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከ«ጭንቅ ላይ ነኝ»

ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ባልደረባዬ ብድር ሲወስድ ዋስ ሆኜ ፈርሜለት ነበር። «ለደንቡ ያህል ነው» ብሎኝ ነበር። አሁን መክፈሉን አቁሟል፤ ስልክም አያነሳም። ትናንት ከፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰኝ። አንደኛ ተከሳሽ እሱ፣ ሁለተኛ ተከሳሽ እኔ። ከገንዘቡ ሳንቲም አልነካሁም። መጀመሪያ እሱን ጠይቁት ማለት እችላለሁ? ባልቀርብስ ምን ይመጣብኛል?

መልስ፣ ከ«ሕግ ቀመስ»

እህቴ፣ አይዞሽ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ መቅረት ፈጽሞ አይታሰብ። ተከሳሽ ዝም ሲል ፍርድ ቤቱ የከሳሹን ማስረጃ ብቻ ይዞ ሊወስን ይችላል። ውሳኔውን በኋላ ማስነሳት አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ግን በቂ ምክንያት ይጠይቃል፣ ጊዜውም አጭር ነው።

መጥሪያውን ደግመሽ እይው። የጽሑፍ መልስ የሚገባበት ቀንና አንቺ የምትቀርቢበት ቀን ሊለያዩ ይችላሉ። ብዙ ሰው የቀጠሮውን ቀን ብቻ ይዞ የመልሱ ቀን ያመልጠዋል። መጥሪያው የደረሰሽን ቀንም ጻፊው፤ በብዙ አገር ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መልስ፣ ከ«የድሮ ዳኛ»

ልጄ፣ «መጀመሪያ እሱን» የማለት መብት ጥንታዊ ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ535 ደንግጎታል። አበዳሪው መጀመሪያ የዋናውን ባለዕዳ ንብረት እንዲፈልግ ዋሱ መጠየቅ ይችላል። ከሮማ ሕግ የወረሱ አገሮች እስከ ዛሬ ይዘውታል። የእንግሊዝን ሕግ የሚከተሉት ግን በአብዛኛው አበዳሪው በቀጥታ ወደ ዋሱ እንዲመጣ ይፈቅዳሉ።

መብቱ ባለበት አገርም ቢሆን ሁለት ነገር ልብ በይ። በመጀመሪያው መልስሽ ላይ ካላነሳሽው መብቱ ሊያመልጥሽ ይችላል። ደግሞም ውሉ ራሱ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ የውሉን ቅጂ አግኚ። ከሌለሽ ከክሱ ጋር ተያይዞ ይሆናል፤ አባሪዎቹን ሁሉ አገላብጪ።

«ጭንቅ ላይ ነኝ»

አመሰግናለሁ። አባሪው ውስጥ አገኘሁት። «ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» ይላል። አለቀልኝ ማለት ነው?

መልስ፣ ከ«የድሮ ዳኛ»

አላለቀም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ በዚህ ቃል ከፈረምሽ አበዳሪው ሙሉ ዕዳውን ካንቺ ሊጠይቅ ይችላል። ገንዘቡን አለመንካትሽ መከላከያ አይሆንም። ዋስ የሚጠየቀው ስለተጠቀመ ሳይሆን ቃል ስለገባ ነው።

መልስ፣ ከ«ብድር ክፍል»

እኔ ብድር ላይ ነው የምሠራው። የብድሩን ሙሉ የሒሳብ መግለጫ በጽሑፍ ጠይቂ። እሱ የከፈለው ሁሉ መቀነሱን፣ ወለዱና መቀጫው በውሉ መሠረት መሰላቱን ቁጥር በቁጥር አመሳክሪ። ዋስትናሽ የገንዘብ ጣሪያ ካለውም ከዚያ በላይ እንዳትጠየቂ ተከራከሪ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አጣሪ፦ አንቺ ሳታውቂ ብድሩ ተጨምሯል? የመክፈያ ጊዜውስ ተራዝሟል? እንዲህ ያለ ለውጥ እንደ ውሉና እንደ አገሩ ሕግ ዋሱን ነፃ ሊያወጣ ወይም ኃላፊነቱን ሊቀንስ ይችላል። አንዳንድ ውል ግን «ቢለወጥም ዋስትናዬ ይጸናል» የሚል አንቀጽ አለው፤ እሱንም ፈልጊ።

መልስ፣ ከ«ሕግ ቀመስ»

ሰው ሲደነግጥ ቤቱን ወይም መኪናውን ወደ ዘመድ ስም ያዛውራል። እባክሽ እንዳታደርጊው። ከአበዳሪ ለማሸሽ የተደረገ ዝውውር በፍርድ ሊፈርስ ይችላል፤ ዘመድሽንም ችሎት ታስጎትቻለሽ። ሌላ ዋስ ካለ ግን ንገሪን፤ ሸክሙ ሊከፋፈል ይችላል።

«ጭንቅ ላይ ነኝ»

ሌላ ዋስ የለም። ከከፈልኩ ገንዘቤ ቀለጠ ማለት ነው?

መልስ፣ ከ«የድሮ ዳኛ»

አይደለም። የከፈለ ዋስ በአበዳሪው እግር ይተካል። ባልደረባሽን መክሰስ ትችያለሽ፤ አበዳሪው የያዘው መያዣ ካለም መብቱ ወደ አንቺ ሊያልፍ ይችላል። እዚያው መዝገብ ላይ በክፍያ ስምምነት መጨረስ ከፈለግሽም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ፍርድ ቤቱም ይመዝግበው። ለባልደረባሽ በእጁ እንዳትሰጪ፤ ለአበዳሪው ክፈይ፤ ደረሰኙም «በዋስነት የተከፈለ» ይበል። ይህን ሁሉ ግን የአገሩን ሕግ ለሚያውቅ ጠበቃ ሳታሳዪ መልስሽን አታስገቢ። ጠበቃ መክፈል ካልቻልሽ ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዳለ የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቂ።