በተፈጥሮ የተቀየጠ ነሐስ ይገኛልን?

የዓለት ተመልካች፦
የተከበራችሁ ወገኖች፣ ወርቅና ብር ተቀይጠው ኤሌክትረም በሚባል መልክ ከመሬት እንደሚወጡ፣ መዳብም ከምንም ሳይዋሐድ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገኝ አንብቤአለሁ። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ እንደ መሆኑ መጠን፣ የሰው እጅ ሳይገባበት ተፈጥሮ ራሷ የቀየጠችው ይኖር ይሆን? ካለስ የጥንት አንጥረኞች ሥራውን የተማሩት ከዚያ ነው ለማለት ይቻላል? አንዳንድ ጽሑፎች ሁለቱን የያዘውን ማዕድን ሁሉ የተፈጥሮ ነሐስ ሲሉት ስላየሁ፣ ነገሩን የሚያጠራልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

የማዕድን መምህር፦
እነዚያ ጽሑፎች ሁለት ነገሮችን አደባልቀዋል። ቅይጥ የሚባለው መዳቡና ቆርቆሮው ብረታ ብረትነታቸውን እንደ ያዙ የተዋሐዱበት ነው። ስታናይት የተባለው ማዕድን ግን፣ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ መዳብና 28 በመቶ ገደማ ቆርቆሮ ቢሆንም፣ ሁለቱም በውስጡ ከብረትና ከድኝ ጋር የተቆራኙ ስለሆኑ ቅይጥ አይደለም፤ ቢያንጸባርቅም በመዶሻ ሲመታ ይፈረካከሳል እንጂ እንደ ነሐስ አይዘረጋም።

እውነተኛው የተፈጥሮ ቅይጥ አለ፤ ነገር ግን እጅግ ብርቅ ነው። በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ በምዕራብ ቹኮትካ፣ ባይምካ በተባለው የወርቅ ደለል ውስጥ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1998 በይፋ የተገለጸው ሶሮሳይት መዳብን ከቆርቆሮና አንቲሞኒ ከተባለ ብረት መሰል ንጥረ ነገር ጋር ያጣመረ ነው። በሶሮሳይት ውስጥ ቆርቆሮውና አንቲሞኒው ተደምረው በክብደት መዳቡን ይበልጡታል፤ አንጥረኛ በሚያፈስሰው ነሐስ ውስጥ ግን ቆርቆሮው ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሶሮሳይትንም ቢሆን ነሐስ ብሎ መጥራት አይገባም።

ከሰልና ምድጃ፦
የብርቅነቱን ምክንያት እኔ ልጨምር። መዳብ ከኦክስጅን ጋር ያለው ቁርኝት የላላ ስለሆነ በተፈጥሮ በቀላሉ ነጻ ይወጣል፤ በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት፣ በኪዊኖ ልሳነ ምድር፣ ባዛልት በተባለው የእሳተ ገሞራ ዓለት ጥንታዊ ፍሳሾች መካከል የተከማቸው ንጹሕ መዳብ ለዚህ ታላቅ ምስክር ነው። ቆርቆሮ ግን ኦክስጅንን አጥብቆ ይይዛል። ከግራናይት የሚወጣው ትኩስ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋው ካሲተራይት ሆኖ ነው፤ ካሲተራይት 79 በመቶ ገደማ ቆርቆሮ ሲሆን የቀረው ኦክስጅን ነው። ድኝ በበዛበት ቦታ ደግሞ መዳብና ቆርቆሮ ቢገናኙም ስታናይትን ወደ መሰሉ ማዕድናት ይሄዳሉ። ሁለቱ እንዲቀየጡ ኦክስጅንም ድኝም የጠፉበት ሁኔታ ያስፈልጋል። በምድጃ ውስጥ ኦክስጅኑን የሚነጥቀው ከሰሉ ነው፤ በመሬት ቅርፊት ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ሁኔታ የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው።

የቅርስ አጥኚ፦
ስለ ጥንት አንጥረኞች የቀረበው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር እላለሁ። ከተፈጥሮ ቅይጥ ተማሩ ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም፤ ከተቀላቀለ ማዕድን ተማሩ ማለት ግን ሚዛን የሚደፋ ሐሳብ ነው። በታጂኪስታን፣ በሙሺስተን፣ መዳብና ቆርቆሮ በአንድ የማዕድን ጅማት ውስጥ ይገኛሉ፤ ስታናይቱ በአየርና በውኃ ሲበሰብስ ሙሺስቶናይት የተባለ፣ ሁለቱንም የያዘ ሌላ ማዕድን ይፈጠራል። ይህን በከሰል ያቀለጠ ሰው ቆርቆሮ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ነሐስ ያገኛል፤ ቦታውም በነሐስ ዘመን ተቆፍሮበታል። በሰርቢያ፣ በፕሎችኒክ የተገኘችው ስስ የነሐስ ቁራጭም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4650 ገደማ ከእንዲህ ዓይነት ማዕድን እንደ ተሠራች እ.ኤ.አ. በ2013 ተጽፏል፤ ዕድሜዋን የማይቀበሉ ምሁራን ቢኖሩም፣ እኔ መንገዱ የሚቻል ነው ባይ ነኝ። ቆይቶ ግን ቆርቆሮው ለብቻው ይነገድ ጀመር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት መጨረሻ ገደማ በቱርክ ጠረፍ፣ በኡሉቡሩን የሰጠመው መርከብ 10 ቶን ያህል መዳብና 1 ቶን ያህል ቆርቆሮ ለየብቻ ጭኖ ነበር፤ ይህም ራሱ የነሐስ ልክ ነው።

የዓለት ተመልካች፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፤ ከደለል የወጣች ነሐስ መሳይ ፍንጣሪ የተፈጥሮ መሆንዋ ወይም ከሰው ዕቃ የተሰበረች መሆንዋ በምን ይለያል?

የማዕድን መምህር፦
በመጀመሪያ መጠርጠር ይገባል፤ ደለል ከማሽንና ከጥንት ማቅለጫ የወደቀውን ሁሉ ይሰበስባልና። ፍንጣሪዋ ተቆርጣና ተወልውላ በማይክሮስኮፕ ስትታይ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጉ ክሪስታሎችና ጋዝ ትቶአቸው የሄደ ክብ ቀዳዳዎች ከታዩባት ቀልጣ የረጋች ናት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው መልክ በአብዛኛው ወደ ሰው ሥራ ያመለክታል። ቀጥሎ በኤሌክትሮን ጨረር የንጥረ ነገሮቿ ድርሻ ይለካል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ቅይጡ በሌላ የተፈጥሮ ማዕድን ተከብቦ፣ በዚያው ባልተነካ ዓለት ውስጥ መገኘቱ ነው፤ ለብቻዋ የተለቀመች ፍንጣሪ፣ ልኬቷ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያን ማስረጃ አትሰጥም።