ስፒከር ቀየርኩ፣ ቤዙ ግን ባሰበት፤ ከፍ ሳደርገው ፍርርር ይላል

ባለ አሮጊቷ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ አሮጌ ናት። የፊት በሮቹ ስፒከሮች ጠርዛቸው ተበልቶ ስለነበር ባለፈው ሳምንት ራሴ ፈታሁና አዲስ ገጠምኩ። ስድስት ተኩል ኢንች፣ ኮአክሲያል፣ ማለትም ትዊተሩ መሃሉ ላይ ያለው ዓይነት፣ 4 ኦም፣ ካርቶኑ ላይ 300 ዋት ይላል። ቴፑ የድሮው ነው፣ ፊቱ ላይ «50 ዋት × 4» ተጽፎበታል። አምፕ (ለብቻው የሚገጠም ድምፅ ማጉያ) የለኝም። ሳብም (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) የለኝም።

የዘፋኙ ድምፅ ጥርት ብሏል፣ እሱን አልክድም። ቤዙ ግን ከድሮው አንሷል! አንሷል ስላችሁ ለወሬ አይደለም፣ ጠፍቷል ማለት ይቀላል። ስለዚህ ቤዙን ከቴፑ ላይ +6 አደረግኩት፣ «ላውድነስ» የሚለውንም አበራሁ። አሁን ድምፁን ከ40ው 24 ላይ ሳደርሰው ቤዝ በመታ ቁጥር ፍርርር ይላል። የተቀደደ ስፒከር ነው የሚመስለው። ግራው ይብሳል መሰለኝ።

ሻጩ «ስትገጥመው አበላሽተኸው ይሆናል» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «300 ዋት ስፒከር በ50 ዋት ቴፕ አይነዳም፣ ትልቅ አምፕ ግዛ» ይላል። ሌላ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።

ሽቦ በጥርሱ፦
ወንድሜ፣ አምፑን ለጊዜው እርሳው። ስፒከር ተቀይሮ ቤዝ ከጠፋ እኔ መጀመሪያ የማየው ፕላስና ማይነሱን ነው። አንዱ በር ላይ ገልብጠህ አስረኸው ከሆነ፣ አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፣ የሁለቱ ቤዝ መኪናው ውስጥ ተገናኝቶ ይጠፋፋል። ሙዚቃው አለ፣ ዘፋኙ አለ፣ ቤዝ የለም። ልክ አንተ እንዳልከው።

ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የኋላ ስፒከር ካለህ ድምፁን ሙሉ ወደ ፊት አምጣው። ከዚያ ባላንሱን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ መሃል እያደረግክ ስማ። አንዱ ብቻውን ሲጫወት ቤዙ ወፍሮ፣ ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ከሳሳ ተገልብጧል። የዘፋኙም ድምፅ ከዳሽቦርዱ መሃል መምጣት ሲገባው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅህም፣ ጭንቅላትህን ዙሪያውን የከበበህ ይመስላል።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ ደግሞ የሪሞት ባትሪ፣ ያቺን 1.5 ቮልቷን፣ ያዝ። ቴፑን አውጥተህ ሶኬቱን ከጀርባው ንቀል፣ ከዚያ በግራ በር ሽቦ ጫፍ ላይ ባትሪውን ለቅጽበት ብቻ ንካው። ፕላሱ በፕላስ ከሆነ ኮኑ (የስፒከሩ የሚንቀሳቀስ ፊት) ጧ ብሎ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። እንዲህ ስታደርግ ስፒከሩን ብቻ ሳይሆን በበሩ በኩል የሚያልፈውን ሽቦም አብረህ ፈተሽከው። ቴፑ ሳይነቀል ግን ባትሪ እንዳታስነካ!

ለዕውቀት ያህል፣ ለብቻቸው የሚሸጡ ቴፖች ሶኬት ላይ ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ነው። ጥቁር መስመር ያለበት ማይነስ ነው። የመኪናዋ የራሷ ሽቦ ቀለም ግን በየፋብሪካው ይለያያል፣ እዚያ ላይ ገምተህ እንዳትቀጥል።

ዋት ቆጣሪ፦
ፖላሪቲው፣ ማለትም የፕላስና ማይነሱ ነገር፣ ላይ እስማማለሁ። ፍርርሩ ግን ሌላ ጣጣም ያለበት ይመስለኛል።

ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈ ዋት ወሬ ነው። ለቅጽበት የሚችለውን ነው የሚነግርህ። በትንሹ የተጻፈውን «አርኤምኤስ» የሚለውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚችለውን፣ ፈልግ። ቴፑም ያው ነው። መኪና ሞተሯ ተነስቶ የምትሰጠው 14 ቮልት ገደማ ነው፣ ቴፕ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፕ ደግሞ ከዚያ በላይ ቮልቴጅ ከየትም አታመጣም። በ4 ኦም ሲሰላ ለእያንዳንዱ ስፒከር ንጹህ ሆኖ የሚደርሰው 20 ዋት ገደማ ነው። 50 የሚባለው ድምፁ ተበላሽቶም ቢሆን ተጨምቆ የሚወጣው ነው።

አሁን አንተ ያደረግከውን ተመልከት። ቴፕህ ላይ +6 የሚለው ዴሲቤል ከሆነ ለቤዙ የሚያስፈልገውን ኃይል 4 እጥፍ አደረግከው። 5 ዋት ይበቃው የነበረ ምት 20 ጠየቀ። ላውድነስ ደግሞ በላዩ ጨመረበት። ቴፑ አልቻለም፣ ስለዚህ የሞገዱን ጫፍ ቆረጠው። ክሊፒንግ የሚባለው ይሄ ነው፣ ጆሮህ ላይ የተቀደደ የሚመስለውም እሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ እየተቆረጠ ለረጅም ጊዜ ሲጫወት ደግሞ ቀድማ የምትቃጠለው ትዊተሯ ናት፣ ምክንያቱም የተቆረጠ ቤዝ ውስጥ ብዙ ከፍተኛ ድምፅ ይፈጠራል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ቤዙን 0 አድርገው፣ ላውድነሱን አጥፋው። ከዚያ ስማና ንገረን።

ሳብ ወዳድ፦
ኧረ ምን ያደክማችኋል! ሳብ ይግዛ፣ አለቀ። የበር ስፒከር ቤዝ ያወጣል ብሎ መጠበቅ በማንኪያ በርሜል እንደመሙላት ነው።

ዋት ቆጣሪ፦
@ሳብ ወዳድ፣ እውነት አለህ ግን ቸኮልክ። ሳቡን ቢገዛም የበሮቹ ስፒከሮች ያው ቤዝ ከደረሳቸው ፍርርሩ ይቀጥላል። መጀመሪያ ከእነሱ ላይ ሸክሙን ማንሳት አለበት።

@ባለ አሮጊቷ፣ ድምፅ በአንድ ኦክቴቭ በወረደ ቁጥር፣ በለው ከ80 ሄርዝ ወደ 40፣ ኮኑ ያንኑ ያህል ድምፅ ለማውጣት 4 እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ስድስት ተኩል ኢንች ስፒከር ደግሞ የሚሄድበት ቦታ ጥቂት ሚሊሜትር ናት። ስለዚህ 40 ሄርዝ ስትጠይቀው ዋቱን ሳይጨርስ መንገዱን ይጨርሳል። ያኔ የሚሰማህ ሌላ ዓይነት ብልሽት ነው፣ ጣ ጣ የሚል፣ ደረቅ።

ቴፑ ሜኑ ውስጥ «ሃይ ፓስ» ወይም «ኤችፒኤፍ» የሚል (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ፊልተር) ካለ 80 ሄርዝ ላይ አድርገው፣ ስሎፕ (ምን ያህል ስለታም አድርጎ እንደሚቆርጥ) ከጠየቀህ 12። ከሌለ ደግሞ ፕላስ ማይነስ የሌለው ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በእያንዳንዱ ስፒከር ፕላስ ሽቦ መሃል ይገባል፣ ለ4 ኦም 85 ሄርዝ አካባቢ መቁረጥ ይጀምራል። እንደ ቴፑ ፊልተር ስለታም አይደለም፣ ግን ልዩነቱን ታየዋለህ። ቤዝ እየፈለግኩ ቤዝ ቁረጥ ትለኛለህ ወይ እንዳትለኝ፤ ከ80 በላይ ያለው ቤዝ አለ፣ ሆድ ላይ የሚመታው ከበሮ አብዛኛው እዚያ ነው፣ የተቆረጠው ቀርቶ እሱ ጥርት ሲል ይበልጥ የወፈረ ይመስልሃል።

የበር ሰው፦
ማንም ስለ በሩ አልጠየቀህም፣ እኔ ልጠይቅህ። አሮጌው ስፒከር ጠርዝ ላይ ስፖንጅ ቀለበት ነበረበት? መልሰህ አደረግከው? አዲሱ ስፒከር ከብረቱ ጋር ገጥሟል ወይስ በጎኑ ብርሃን የሚያሳይ ክፍተት አለው?

ይሄን የምልህ ወድጄ አይደለም። ስፒከር ወደ ፊት ያህል ወደ ኋላም ያወጣል፣ የኋላው ደግሞ የፊተኛው ግልባጭ ነው። በጎን ክፍተት ካለ የኋላው ሾልኮ መጥቶ ከፊቱ ጋር ይገናኝና ቤዙን ይበላዋል። እኔ ራሴ አንዴ ለሦስት ወር ስፒከሩን ስሰድብ ከርሜ ችግሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሆኖ ተገኝቷል። እንዲያውም ውድ ስፒከር ክፍት በር ላይ ከሚታሰር ርካሹን አሽገው ቢገጥሙት ይሻላል ባይ ነኝ።

የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት አድርግለት፣ በቀለበቱና በብረቱ መሃል ቀጭን ስፖንጅ፣ በስፒከሩ ፊትና በበሩ ሽፋን መሃልም እንዲሁ። በበሩ ብረት ላይ ያሉትን ትላልቅ ቀዳዳዎች በድምፅ ማፈኛ ምንጣፍ (ያ ጥቁር ሬንጅ መሳይ፣ ጀርባው አልሙኒየም የሆነው) ዝጋቸው። ከበሩ ግርጌ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ግን እንዳትነካ፣ የዝናብ ውሃ መውጫ ናቸው፣ ከደፈንካቸው በሩ ይዝጋል።

ፍርርሩን ደግሞ ለየው። በ24 እያጫወትክ መዳፍህን በበሩ ሽፋን ላይ ጫን ጫን አድርግ። ድምፁ ከቆመ ስፒከሩ ንጹህ ነው፣ የሚንቀጠቀጠው ሽፋኑ ነው። መስኮቱንም እስከ ታች አውርደህ ሞክር፣ አዲሱ ስፒከር ጀርባው ከረዘመ መስታወቱ ማግኔቱን ሊነካ ይችላል። ቀስ ብለህ አውርደው።

ሽቦ በጥርሱ፦
የሻጩን ነገር ለማጣራትም ቀላል መንገድ አለ። ሽፋኑን ስትፈታ ኮኑን በሁለት እጅህ ጣቶች፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርገህ፣ በጣም በቀስታ ግፋው። ለስለስ ብሎ ከሄደ ደህና ነው። አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ነገር ኮሽ ኮሽ ካለ ግን ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተጣሟል ወይም ተቃጥሏል፣ ያ በሴቲንግ አይድንም።

ባለ አሮጊቷ (ጠያቂ)፦
ጉድ ነው የሰማችሁት። ትናንት ከሰዓት ሙሉውን በሩ ስር ቁጢጥ ብዬ ዋልኩ።

መጀመሪያ ባላንሱን አዟዟርኩ። ግራው ብቻውን ቤዝ አለው፣ ቀኙም ብቻውን ቤዝ አለው፣ ወደ መሃል ስመልሰው ሳሳ! ሽቦ በጥርሱ፣ እጅህ ይባረክ። በባትሪ ስነካ የቀኙ ኮን ወደ ውጭ፣ የግራው ወደ ውስጥ። ለካ ስፒከሩ ላይ ሰፊው ምላስ ፕላስ፣ ጠባቡ ማይነስ ነው፣ እኔ ደግሞ የግራውን ሽቦ አጥሮብኝ ስቀጥለው አገላብጬዋለሁ። መልሼ አሰርኩት። በዚህ ብቻ ቤዙ በእጥፍ የጨመረ ነው የመሰለኝ፣ ገና ቤዙን 0 አድርጌው ማለት ነው።

ከዚያ ቴፑ ሜኑ ውስጥ ሃይ ፓስ አገኘሁ። 60፣ 80፣ 100 የሚሉ አሉ። 80 አደረግኩ፣ ላውድነስ አጠፋሁ። አሁን እስከ 30 ድረስ ሄደ።

የቀኙ በር ንጹህ ነው። የግራው ግን 27 ላይ አሁንም ትንሽ ፍርርር አለው። ኮኑን ገፋሁት፣ ለስላሳ ነው። መዳፌን ሽፋኑ ላይ፣ በእጅ መደገፊያው ታች በኩል ስጭን ጸጥ ይላል። ሽፋኑን ሳወልቅ ከፕላስቲክ ክሊፖቹ ሁለቱ ተሰብረው በሩ ውስጥ ወድቀዋል፣ አንዱን ይዞ የሚያንኮሻኩሸው ደግሞ ራሱ የበሩ መቆለፊያ ዘንግ ነው። ስፖንጅ ቀለበቱን ደግሞ አዎ፣ ከአሮጌው ጋር ጥዬዋለሁ፣ አትሳቁብኝ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ዘፈን ላይ፣ ከስልክ በብሉቱዝ ሳጫውት ብቻ፣ ድምፁ 15 ላይ ሆኖ እንኳ ቤዙ ይሻክራል። ከፍላሽ ሲሆን ደህና ነው። ይሄስ?

ዋት ቆጣሪ፦
ስልክህ ላይ ኢኳላይዘር ወይም «ቤዝ ቡስት» በርቷል። ሰባ በመቶ እርግጠኛ ነኝ። ስልኩ ውስጥ ቤዙ ሲጨመር ዘፈኑ ቀድሞውንም ጣሪያ ላይ ያለ ስለሆነ ወደ ቴፑ ከመድረሱ በፊት እዚያው ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ቴፑን ብትቀንሰውም የተቆረጠው ተቆርጧል። አጥፋው። ካልተስተካከለ ፋይሉ ራሱ ተጨምቆ የተበላሸ ነው፣ ሌላ ቅጂ ሞክር።

የበር ሰው፦
ዘንጉን በስፖንጅ ቴፕ ጠቅልለው፣ ብረት ከብረት እንዳይነካ ብቻ ነው፣ መንቀሳቀሱን እንዳታግደው። ክሊፕ ስትገዛ አንዱን የተሰበረ ይዘህ ሂድ፣ መጠኑ ብዙ ዓይነት ነው። ሁለት ከጎደሉህ ስድስት ግዛ። ደግመህ መፍታትህ አይቀርም።

ሳብ ወዳድ፦
እሺ፣ በሮቹ ተስተካከሉ። ከ80 በታች ያለውን ማን ያወጣዋል አሁን? እኔ ነኝ ልክ! 😄 መቀመጫ ስር የሚገባ አምፑ አብሮት ያለ ትንሽ ሳብ አለ፣ ቦታ አይፈጅም። ሎው ፓሱን (ከፍተኛውን ድምፅ የሚቆርጠውን ፊልተር) 80 ላይ አድርገህ በሮቹ በሚያቆሙበት እሱ ይጀምራል። ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ላይ ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲሜትር ሳይርቅ ይግባ፣ ማይነሱን ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ በተላጠ የመኪናው ብረት ላይ በብሎን እሰረው። ቀለም ላይ ካሰርከው ሞተር ስትሰጠው ዊዊዊ የሚል ድምፅ ይመጣልሃል።

ዋት ቆጣሪ፦
በዚህ ላይ አልከራከርህም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ጌይን የሚለው ቁልፍ የድምፅ ማብዣ አይደለም። አምፑን ከቴፑ ጋር ማስተካከያ ነው። ቴፑን 30 ላይ አድርግ፣ ቤዙን 0፣ ጌይኑን ከዜሮ ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር፣ ሳቡ ሻከር ማለት ሲጀምር ትንሽ መልሰው። ለበሮቹ የተለየ አምፕ ካሰብክ ደግሞ በቴስተር ይለካል፦ ስፒከሩን ንቀል፣ 1000 ሄርዝ የሙከራ ድምፅ አጫውት፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርግ። ዋቱን በኦሙ አባዝተህ ስኩዌር ሩቱን ውሰድ። ለ50 ዋት በ4 ኦም 14.1 ቮልት ነው፣ እዚያ ሲደርስ አቁም።

ባለ አሮጊቷ (ጠያቂ)፦
የስልኩ ኢኳላይዘር በርቶ ነበር፣ ልጄ ነው ያበራው። አጠፋሁት፣ ተስተካከለ። ክሊፖቹን ነገ እገዛለሁ፣ ስፖንጁንም። ሳቡን ለሚቀጥለው ወር አሳድሬዋለሁ፣ ፎቶ ይዤ እመጣለሁ።