ለአንድ ሸሚዝ የሰባት ዓመት ግዞት፦ እውነት ሕፃናትንም ወደ አውስትራሊያ ይልኩ ነበር?

የልጆች እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። እንግሊዝ እስረኞቿን በመርከብ እየጫነች አውስትራሊያ ትጥል እንደነበር ድሮም ሰምቻለሁ። ሕፃናት እንደነበሩባቸው ግን ትናንት ነው ያነበብኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ! የእኔው ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የጫማውን ክር እንኳ ገና በደንብ አያስርም። ነገሩ ተጋንኖ ይሆን? ሕጉስ እንዴት ፈቀደ? ቅጣታቸውን ሲጨርሱስ ማን መለሳቸው?

መዝገብ ፈታሽ፦
እህቴ፣ አልተጋነነም። የለንደኑ የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት የድሮ መዝገቦች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እነሱን አነባለሁ። (አይመከርም፤ ጭራሽ እንቅልፍ ያሳጣል።)

ያነበብሽው ስለ ጆን ሃድሰን ይመስለኛል። የቀረበው በዲሴምበር 1783 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው። ተሰረቀ የተባለው አንድ ሸሚዝ፣ አምስት የሐር የእግር ሹራብ፣ አንድ ሽጉጥና ሁለት ሽርጥ ነው። ማስረጃው ምን መሰለሽ? መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ የቀረ የጥላሸት አሻራ። የትንንሽ የእግር ጣቶች። አንዱ ምስክር አሻራውን ወረቀት ላይ አንስቶ አምጥቷል።

ከዚያ ዳኛው ልጁን ጠየቁት። ዕድሜህ ስንት ነው? «ዘጠኝ ልይዝ ነው።» ሥራህስ? «የለኝም፤ አንዳንዴ የጭስ ማውጫ እጠርጋለሁ።» አባት ወይ እናት አለህ? «ሞተዋል።» መቼ? «አላውቅም።»

እዚህ ላይ ሁሌም ቆም እላለሁ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከሰስም ነበር። ከሰባት እስከ አሥራ አራት ያለው ደግሞ ክፉና ደጉን አይለይም ተብሎ ይገመታል፤ ይለያል ብሎ ከሳሽ ካሳመነ ግን እንደ አዋቂ ይፈረድበታል። ሌሊት ቤት ሰብሮ መስረቅ ደግሞ በሞት ያስቀጣል። በጆን ላይ የፈረደው ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ግን ቤት ሰብሯል የሚለውን ጥሎ በስርቆቱ ብቻ ጥፋተኛ አለው። ሰባት ዓመት ግዞት ማለት እንግዲህ ምሕረት ነበር!

ተጠራጣሪው፦
ወንድም መዝገብ ፈታሽ፣ ሆድ አታባባ። ለንደን ቢቀር ምን ይጠብቀው ነበር? ሜሪ ዌድን እይ። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሆኗት የአንዲት ትንሽ ልጅ ልብስ ገፍፋ፣ በ1789 ሞት ተፈረደባት። ወደ ግዞት ተቀየረላትና በ1790 ሲድኒ ገባች። እስከ 1859 ኖረች፤ ዘሯ በዛ። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኬቨን ራድ ከእሷ የሚወለድ ነው። በኋላ ደግሞ ፖይንት ፑር በተባለው የልጆች እስር ቤት ለልጆቹ ሙያ ያስተምሯቸው ነበር።

መዝገብ ፈታሽ፦
ስለ ሜሪ ልክ ነህ። ግን ልብ በል፣ ልብሷን የተገፈፈችው ልጅ ራሷ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሁለቱም ልጆች!

ፖይንት ፑር ታዝማኒያ ውስጥ፣ ከፖርት አርተር እስር ቤት ማዶ ያለ ድንጋያማ መሬት ነው። ከ1834 እስከ 1849 ወደ 3,000 የሚጠጉ ወንዶች ልጆች አልፈውበታል። አናጺነት፣ ጫማ ሥራ፣ ድንጋይ ጠረባ ተምረዋል፤ አልክድም። ግን ለምን ተሠራ? ሰፋሪዎቹ ለጉልበት ሥራ ትንንሽ ልጅ አንፈልግም ስላሉ ነው። ያጠፋ ልጅ ደግሞ ብቻውን ጨለማ ክፍል ይዘጋበት ነበር፤ ምግቡ ዳቦና ውሃ።

የልጆች እናት፦
የመመለሱን ነገር ዘላችሁት።

መዝገብ ፈታሽ፦
ይቅርታ። አጭሩ መልስ፦ ማንም አልመለሳቸውም። መንግሥት መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አይከፍልም። ገንዘብ ያለው ይሳፈራል፣ ጉልበት ያለው መርከበኛ ሆኖ ይቀጠራል፣ የቀረው እዚያው ይቀራል።

የጆን ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሲፈረድበት መላኪያ ቦታ እንኳ አልነበረም። የቀድሞዋ መጣያ አሜሪካ በጦርነት ነፃ ወጥታለች። በ1784 ሜርኩሪ በምትባል መርከብ እንደምንም ወደዚያው ሊሰዷቸው ሞከሩ፤ እስረኞቹ አምፀው መርከቧን ወሰዱ፣ እሱም ተመልሶ ተያዘ። ከዚያ ፕሊመዝ ላይ፣ እስር ቤት በተደረገች አሮጌ መርከብ ውስጥ ዓመታት ቆየ። በ1787 እስረኞችን ይዘው ወደ አውስትራሊያ ከሄዱት የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ መርከቦች በአንዷ ተጫነ። ሲደርስ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። በ1790 ወደ ኖርፎክ ደሴት አሻገሩት።

የብዙዎቹ የፍርድ ወረቀት ግን እንግሊዝ ቀርቷል። «ጊዜዬን ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ገዥው የሚያየው ሰነድ የለውም።

ፌብሩዋሪ 1791 ላይ ጆን 50 ጅራፍ ተገረፈ። ጥፋቱ ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ ከጎጆው ውጭ መገኘቱ ነው። ዲሴምበር 1783 ላይ ሰባት ዓመት ደምሪበት።