ካኪ የለበሰ ዘፋኝ ወታደር ነው እንዴ?

የከታ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ቡራዩ አክስቴ ቤት ቁምሳጥን ስናጸዳ የ1970 ፎቶዋን አገኘን፣ የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ። ካኪ ለብሳለች፣ ከአጠገቧ ከበሮ ያዘለ ልጅ አለ። የቀበሌ ኪነት ውስጥ ትዘፍን ነበር፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር እየሄዱ ለሚሊሺያው፣ በኋላም ግንባር ድረስ። ቡና ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተከራከረ። አንዱ «ወታደር ነበርሽ ማለት ነው፣ ጡረታ ጠይቂ» አላት። እሷ ሳቀችና «እኔ ክላሽ ያየሁት ሲወለወል ነው» አለች። ታዲያ ምን ነበረች?

ጡረተኛው፦
ካኪ ብቻውን ወታደር አያደርግም ልጄ። የክቡር ዘበኛና የምድር ጦር ኦርኬስትራ ሌላ ነገር ነው፣ እነሱ የጦሩ አካል ናቸው። ጥላሁን ገሠሠ የክቡር ዘበኛ ሰው ስለነበር የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታስሯል። የቀበሌ ኪነት ግን ሲቪል ነው። ዩኒፎርሙ የሚሰጠው አቧራውም ብርዱም ስላለ፣ ደግሞ ጦር መሀል በቀሚስ መዞር አይመችም።

ሕግ ተማሪ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። በፈረንጅ 1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 4 ጦሩን አጅበው የሚሄዱ ሲቪሎችን ይጠቅሳል፣ ጋዜጠኛም፣ ስንቅ አቅራቢም፣ ለወታደሩ ደኅንነት የሚሠሩትም። ቢያዙ የጦር ምርኮኛ ይባላሉ፣ ግን ጦሩ ፈቅዶላቸው መታወቂያ ሰጥቷቸው መሆን አለበት። ስለዚህ ከካኪው ይልቅ ወረቀቱ ነው ቁም ነገሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዞቹ ወታደር አዝናኝ ድርጅት ኤንሳ (የኛው ኢንሳ አይደለም!) ዘፋኞቹን ዩኒፎርም ያለብስ ነበር። የፊልም ተዋናይዋ ማርሊን ዲትሪክም በአሜሪካ ጦር ልብስ ግንባር ለግንባር ዞራለች፣ ወታደር ግን አልነበረችም። አሜሪካዊው የባንድ መሪ ግሌን ሚለር ግን በፈረንጅ 1942 በሻምበልነት ተቀጥሮ እውነተኛ መኮንን ሆነ፣ በ1944 አውሮፕላኑ ሲጠፋ ሻለቃ ነበር።

ሸገር ዳር፦
ወረቀት ወረቀት አትበሉን እስቲ። ጨለማ ውስጥ ካኪ ያየ ተኳሽ መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቃል? እኔ ብሆን በሲቪል ልብሴ ነበር የምሄደው።

ጡረተኛው፦
በሲቪል ልብስ ሄደህ የገዛ ጦርህ ሰላይ ነህ ቢልህስ?

የከታ ልጅ፦
ጠየቅኳት። መታወቂያዋ የቀበሌ ብቻ ነበር፣ ከጦሩ የተሰጣት ወረቀት የለም። ካኪውን ሲመለሱ አስረክቡ ተባሉ፣ ሱሪውን መለሰች፣ ሸሚዙን ደበቀችው። ሽንኩርት ስትከትፍ እየለበሰች ጨረሰችው አሉ።