እናቴን ይዤ ወደ ናሽቪል የብስኩትና የተጠበሰ ዶሮ ቤት ልሄድ ነው፤ ከአሳማ ስብ እንዴት ልጠንቀቅ?

ጠያቂ፦ የቴነሲው እንግዳ

ጤና ይስጥልኝ። ናሽቪል መኖር ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ጾመ ፍልሰታን ከእኔ ጋር ጾመዋል። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ባለው ቅዳሜ የሥራ ባልደረቦቼ ሁለታችንንም ለቁርስ ጋብዘውናል፤ የመረጡት ቤት ሰሞኑን ወጣቱ ሁሉ የሚሰለፍበት፣ ብስኩትና የተጠበሰ ዶሮ የሚያቀርብ የአሜሪካ ደቡብ ምግብ ቤት ነው። እናቴ አሳማ በምንም መልኩ አይቀምሱም፤ ሳያውቁ ቢበሉ ደግሞ ከእሳቸው ይልቅ እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት በሌላ ከተማ ጎመን አዝዤ ግማሹን ከበላሁ በኋላ ከሥሩ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ አግኝቻለሁና ፍርሃቴ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ከምግብ ዝርዝሩ የትኛው እንደሚያሰጋ፣ አስተናጋጁን ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ፣ እንዲሁም እናቴ በርበሬ ያልነካው ዶሮ ምግብ አይመስላቸውምና የቃጠሎው መጠን እንዴት እንደሚመረጥ የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ወጥ ቤት የኖርኩ

እንዲህ ባሉ ሁለት ቤቶች ወጥ ቤት ውስጥ ስለ ሠራሁ የማውቀውን ልንገርዎ። በመጀመሪያ ስሙ አያሳስትዎ፤ እዚህ ብስኩት የሚባለው አገር ቤት ሻይ ውስጥ የምንነክረው ደረቅ ብስኩት ሳይሆን፣ ያለ እርሾ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ፣ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በጋለ ምድጃ በሩብ ሰዓት አካባቢ የሚደርስ፣ ለስላሳና ንብርብር ያለው ትንሽ ዳቦ ነው። ዱቄቱ ከለስላሳ ስንዴ የሚፈጭ ሲሆን፣ የደቡብ ሴቶች የሚምሉበት ዋይት ሊሊ በ1883 እዚሁ ቴነሲ ውስጥ፣ ኖክስቪል ላይ የተጀመረ ነው። ቀዝቃዛ ስብ ከዱቄቱ ጋር እንደ ፍርፋሪ ይታሽና በአሬራ ይለወሳል፤ በነገራችን ላይ ዛሬ በካርቶን የሚሸጠው አሬራ ተንጦ ቅቤ የወጣለት ሳይሆን እንዲረጋ የተደረገ ወተት ነው። ብስኩቱን የሚያነባብረው ስቡ ምድጃ ውስጥ ሲቀልጥ የሚተወው ክፍተት ነው። እንግዲህ የእርስዎ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል፦ ያ ስብ ምንድን ነው? አዳዲሶቹ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ቅቤ ያደርጋሉ፤ በድሮው ወግ ግን የአሳማ ስብ ነበር፣ ዛሬም ለጣዕሙ ብለው ከቅቤው ጋር የሚቀላቅሉት አሉ።

ስለዚህ አስተናጋጁን «አሳማ አለበት?» ብለው አይጠይቁት። እሱ የሚታየው ሥጋው ብቻ ስለ ሆነ በቅን ልቡ «የለበትም» ይልዎታል። ብስኩቱ በምን ስብ እንደ ተለወሰ፣ ዶሮው በምን እንደ ተጠበሰ፣ ጎመኑ ከምን ጋር እንደ ተቀቀለ ለየብቻ ይጠይቁት፤ ካላወቀ ወጥ ቤት ገብቶ አጣርቶ ይመጣል። ጎመኑ እኛው እዚህ ለሐበሻ ጎመን የምንገዛው ኮላርድ ነው፤ ደቡቦች ግን በጢስ ከታጠነ የአሳማ ቅልጥም ጋር ለረጅም ሰዓት ያፈሉታል። በአሳማው ፈንታ ተርኪ የተባለውን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ክንፍ የሚያደርጉም አሉ። ነጩን ግሬቪ ግን መጠየቅም አያስፈልግዎ፣ ይተዉት፤ በወጉ የሚሠራው ከአሳማ ቋሊማ በወጣ ስብ ላይ ዱቄትና ወተት ተጨምሮ ነው፣ ብዙ ጊዜም በብስኩቱ ላይ ፈስሶ ይመጣል። ሰው የማያስበው ደግሞ እንቁላሉን ነው። ብዙ ጊዜ ቤከን የሚሉት ስስ የአሳማ ሥጋ በተጠበሰበት ምጣድ ላይ ስለሚጠበስ ለብቻው መጥበሻ እንዲሠራልዎ ይለምኑ። ግሪትስ የሚሉት የበቆሎ ቅንጬ ነው፤ ቤከን እንዳይነሰንሱበት ብቻ ይንገሯቸው።

መልስ፦ የቃጠሎ ተማሪ

እኔ ስለ ቃጠሎው ልጨምር። ናሽቪል ሆት ቺክን የሚባለው ዶሮ ከከተማው ጥቁሮች ሰፈር የወጣ ነው። እንደሚነገረው በ1930ዎቹ ቶርንተን ፕሪንስ የተባለ ሰው ሌሊቱን ውጭ አድሮ ሲመጣ፣ የተቀየመች ወዳጁ ልትቀጣው ዶሮውን በሚያቃጥል በርበሬ ሞልታ አቀረበችለት፤ እሱ ግን ጭራሽ ወዶት መነገጃ አደረገው። የቤተሰቡ ቤት ፕሪንስስ በ2013 የአሜሪካን ምግብ ቤቶች ከሚሸልመው ከጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽን ሽልማት አግኝቷል፤ የከተማው የሆት ቺክን ፌስቲቫል የተጀመረው ግን ገና በ2007 ነው። አሁን ሰልፍ የሚያዝባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው፤ ለእኔ ከሆነ ሰልፉ ከዶሮው ይልቅ ለፎቶው ነው።

በበርበሬ አድገናል ብለው ግን አይታለሉ። የእኛ በርበሬ ከሽንኩርት ጋር ተቁላልቶ እስኪበቃው ይበስላል፤ ይህኛው ካየን የተባለ የደቀቀ በርበሬ በትኩስ ስብ ተበጥብጦ፣ ዶሮው ከተጠበሰ በኋላ ላዩ ላይ የሚቀባ ስለ ሆነ ጥሬ ሚጥሚጣ በማንኪያ እንደ መቃም ነው። እኔ የሐበሻ ኩራት ይዞኝ የመጨረሻውን ደረጃ አዝዤ፣ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ከሥር የተነጠፈውን ነጭ ዳቦ ብቻ እየበላሁ ጨርሻለሁ። ለእናትዎ መካከለኛው ይበቃል። የሚቀባው ስብም በአንዳንድ ቤት የአሳማ ነውና፣ ከላይ ከተነገሩዎት ሦስት ጥያቄዎች ላይ ይህን አራተኛ ያድርጉት።

መልስ፦ የኖለንስቪል ፓይክ ነዋሪ

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በእኛ ቤት ከስቡ በፊት የሚጠየቀው እርዱ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑም ቢሆን ማን እንዳረደው ሳያውቅ ሥጋ የማይበላ ብዙ ነውና፣ እናትዎ በዚህ ረገድ አቋማቸው ምን እንደሆነ ከቅዳሜ በፊት ቢጠይቋቸው ጥሩ ነው። ቤቱ ደርሰው ማዕድ ላይ ቢጠየቅ ለሳቸውም ለጋባዦቹም ያሳፍራል።

ጠያቂ፦ የቴነሲው እንግዳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ስጠይቃቸው «ባሕር ማዶ እያለሁ በስመ አብ ብዬ እበላለሁ፣ አሳማውን ብቻ ጠብቅልኝ» አሉኝ። ዓርብ ወደ ቤቱ ደውዬ አራቱንም ጥያቄዎች አቀረብኩ፦ ብስኩቱ በቅቤ ነው፣ ዶሮው የሚጠበሰውም የሚቀባውም በኦቾሎኒ ዘይት ነው፣ ጎመኑ ግን አሳማ አለበት፤ ተውነው። በር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆመናል፤ ለእናቴ ወንበር ያወጣላቸውን ልጅ አመስግኜ ጉርሻውን ከወትሮው ጨመር አድርጌያለሁ።

ከሁሉም በላይ የወደዱት በብስኩቱ ላይ የሚፈስሰውን የማሽላ ሽሮፕ ነው። ከአገዳው ተጨምቆ የሚፈላ መሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ ጥንቅሽ ነዋ!» ብለው ሳቁ፤ ለባልደረቦቼም በልጅነታቸው እንዴት ልጠው ያኝኩት እንደነበር በእኔ አስተርጓሚነት አስረዱ። በዶሮው ላይ ግን ሁለት ቅሬታ አላቸው። አንደኛው ብልቱ በወጉ አልወጣም፣ ጭኑና እግሩ አንድ ላይ ነው የሚል ነው። ሁለተኛውን እኔ መመለስ ስላቃተኝ ወጥ ቤት የነበሩት ወንድሜ ይመልሱልኝ፦ በአሬራ ተዘፍዝፎ ከማደሩ በፊት ዶሮው ስንት ውኃ ይታጠባል?

መልስ፦ ወጥ ቤት የኖርኩ

እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች አንድም ውኃ አይታጠብም ነበር፤ እንዲያውም ጀርሙ በየቦታው ይረጫል ተብሎ ማጠብ አይመከርም። ለእናትዎ ግን ይህን ባይነግሯቸው ይሻላል።